«ኋላዋን ትንሽ ከፍ አድርጉልኝ!»
የአሮጌ ቮልስ የኋላ ሞላ በዓይን ይስተካከል ወይስ በልክ?

ጋራዥ በር ላይ ለግማሽ ቀን የቆመ ሰው ደጋግሞ የሚሰማው አንድ ትእዛዝ አለ። ባለመኪናው «ኋላዋን ትንሽ ከፍ አድርጉልኝ!» ይላል። መካኒኩም «አብሽር!» ይለዋል። ከሌላ አካባቢ ለመጣችሁ፣ አብሽር ማለት በእኛ በወሎዎች አነጋገር «አይዞህ፣ አታስብ» እንደማለት ነው። ከዚያ በኋላ ወይ ባሌስትራ ይጨመራል፣ ወይ ሞላ ይቀየራል፣ ወይ ጥርስ ይዞራል፤ መኪናዋም ጭራዋን ቀስራ ትወጣለች። «ትንሽ» የተባለችው ነገር ስንት እንደሆነች የጠየቀ የለም። ከመነሳቷ በፊት ስንት እንደነበረች የጻፈም የለም።

ውድ አንባቢያን! በዚህች አጭር ጽሑፍ ላነሳ የፈለግሁት ይህችኑ «ትንሽ» ነው። አሮጌ መኪና ሲታደስ ሞተሩ ይነሳል፣ ቀለሙ ይቀባል፣ መቀመጫው ይለበጣል፤ ለእነዚህ ሁሉ ሰው ገንዘብም ጊዜም ያወጣል። የኋላ ሞላ ላይ ሲደረስ ግን ሥራው ለዓይን ይተዋል። የእኔ አቋም እንዲህ ነው፤ የኋላ ሞላ በዓይን ይታያል እንጂ በዓይን አይስተካከልም። ይህን የምለው መጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም፤ ራሴ ተሳስቼ፣ አንድ ቀን ተኩል የሠራሁትን አፍርሼ እንደገና ስለሠራሁ ነው።

ነገሩ የሆነው ለተግባር ልምምድ በወጣንበት ወቅት ኩታበር ላይ ነው። ኩታበር ከደሴ በሰሜን ምዕራብ በኩል ወደ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ የደጋ ከተማ ስትሆን፣ መንገዱ ከእሷ አልፎ ወደ ተንታና አጅባር ይቀጥላል። እኛ የተመደብንበት አነስተኛ ጋራዥ ሥራው በአብዛኛው የአይሱዙና የፒክአፕ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ግን አንድ ጡረታ የወጡ መምህር በሰው ትከሻ የምትገፋ ቮልስ ይዘው መጡ። ሥሪቷ እ.ኤ.አ. የ1963 ነው። መምህሩ በ1965 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ገዝተው ያመጧት ሲሆን፣ ብዙ ዓመት ግቢያቸው ውስጥ ቆማ ዶሮ እንቁላል የጣለባት መኪና ናት። «ልጆቼ፣ ልጄን በእሷ ልድራት ነው የምፈልገው፤ እስከ ደሴ ወስዳ ታምጣኝ እንጂ ሌላ አልጠይቃችሁም» አሉን። ወዲያው ደግሞ ያቺን የታወቀች ቃል ጨመሩ። «ቤቴ መግቢያ ላይ ድንጋይ አለ፤ ሆዷን ይነካታል። ኋላዋን ትንሽ ከፍ አድርጉልኝ።»

ዋናው መካኒክ «አብሽሩ መምህር፣ አንድ ጥርስ እናዞራለን» አላቸው። ክርክሩ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

«አንድ ጥርስ» ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት የቮልስን የኋላ ሞላ ማወቅ ያስፈልጋል። እንደ አይሱዙ የተደራረበ ባሌስትራ አይደለም፤ እንደ ላዳ የተጠቀለለ ሞላም አይደለም። ከወለሉ ሥር በኋላ በኩል ከግራ ወደ ቀኝ የተጋደመ ወፍራም ቱቦ አለ። በውስጡ ሁለት የብረት ዘንጎች ይተኛሉ፤ አንዱ ለግራ ጎማ፣ አንዱ ለቀኝ ጎማ። ቶርሽን ባር የምንላቸው እነዚህን ነው። የዘንጉ የውስጥ ጫፍ ቱቦው መሃል ላይ ተሰክቶ አይንቀሳቀስም። በውጪው ጫፍ ላይ ሰፊ የብረት ክንድ ይሰካል፤ ክንዱ ወደ ኋላ ሄዶ ከጎማው አክስል ጋር ይታሰራል። ጎማው ድንጋይ ላይ ሲወጣ ክንዱ ይነሳና ዘንጉን ይጠመዝዘዋል፤ ዘንጉም መልሶ ይገፋል። እናቶቻችን ያጠቡትን ነጠላ ጨምቀው ሲለቁት ተፈትቶ እንደሚመለሰው ማለት ነው። ይህን አሠራር የፈርዲናንድ ፖርሽ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1931 የፈጠራ መብት የጠየቀበት ሲሆን፣ ኋላ ላይ በቮልስ፣ በካርማን ጊያና በፖርሽ 356 ላይ ውሏል። ስለዚህ በውጭ አገር ውድ የሆነውን የጥንት የስፖርት መኪና የሚያድሰው ሰውና እኛ ኩታበር ላይ የመምህሩን ቮልስ የምናድሰው ልጆች የምንፈታው ሞላ አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ እሱ መለኪያ ይዞ መቅረቡ ነው።

አሁን ወደ ጥርሱ እንምጣ። የዘንጉ የውስጥ ጫፍ 40 ጥርስ አለው፤ የውጪው ጫፍ 44። አንድ ክብ 360 ዲግሪ ስለሆነ የውስጡ አንድ ጥርስ 9 ዲግሪ ነው፤ የውጪው አንድ ጥርስ ደግሞ 8 ዲግሪ ከ10 ደቂቃ ገደማ። ይህ ቁጥር ያለ ምክንያት የተመረጠ አይደለም። ዘንጉን በውስጥ በኩል አንድ ጥርስ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ክንዱን በውጪ በኩል አንድ ጥርስ ወደ ተቃራኒው ካዞርነው የሚቀረው ልዩነት 50 ደቂቃ፣ ማለትም ከአንድ ዲግሪ በታች ይሆናል። ፈጣሪዎቹ «ትንሽ» የምትባለዋን ነገር ለመስጠት ያሰቡት በዚህ መንገድ ነው።

ታዲያ የእኛ ጋራዦች «አንድ ጥርስ» ሲሉ የውጪውን ብቻ ነው። ምክንያቱም የውስጡን ለማዞር ዘንጉን ስቦ ማላቀቅ ይጠይቃል፤ አድካሚ ነው። እስቲ በሒሳብ እንየው። 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ክንድ ብንወስድ፣ 50 ደቂቃ ማለት በጫፉ ላይ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ከፍታ ነው። የውጪው አንድ ጥርስ ብቻ ግን ከ5 ሳንቲ ሜትር ተኩል በላይ ያነሳል። ይህ እንግዲህ አንድ ጭልፋ ጨው ከአንድ ቁንጥር ጨው ጋር ያለው ልዩነት ነው። መምህሩ የጠየቁት ቁንጥር ነው፤ የሚሰጣቸው ጭልፋ ነው፤ ሁለቱም «ትንሽ» ይባላሉ።

«ከፍ ብትል ምን ትሆናለች? እንዲያውም ድንጋይ አይነካትም» የሚል አይጠፋም። እኔም በመጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ነገር ግን የዚህች ቮልስ የኋላ አክስል እንደ አይሱዙ አንድ ወጥ አይደለም። ግራና ቀኙ እያንዳንዱ ከካምቢዮው አጠገብ ባለው መጋጠሚያ ብቻ ይታጠፋል፤ እንደ ወፍ ክንፍ ማለት ነው። ክንፎቹ ወደ ታች ሲወርዱ ጎማዎቹ አብረው ያዘነብላሉ። መኪናዋ ከኋላ ከፍ ባለች ቁጥር የጎማዎቹ የታችኛው ጠርዝ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፣ የላይኛው ወደ ውጪ ይከፈታል። ከኋላዋ ቆሞ ላየ ሰው ጎማዎቹ ከታች የተቀራረቡ፣ ከላይ የተራራቁ ሆነው ይታያሉ።

በቀጥታ መንገድ ላይ ይህ ጉዳት የሌለው ይመስላል፤ ጎማን ባንድ ወገን ከመብላት በቀር። ችግሩ የሚመጣው ጥምዝ ላይ ነው። መኪናዋ ስትታጠፍ አብዛኛው ክብደት በውጪው ጎማ ላይ ያርፋል፤ ከመንገዱ የሚመጣው የጎን ግፊት ደግሞ ጎማውን ወደ ውስጥ፣ ጭራዋን ወደ ላይ ይገፋል። ጭራዋ በተነሳች ቁጥር ጎማው ይበልጥ ይታጠፋል፤ ጎማው በታጠፈ ቁጥር ጭራዋ ይበልጥ ትነሳለች። በመጨረሻ ጎማው በጠርዙ ብቻ ይቀርና ወይ ጭራዋ ትሸሻለች፣ ወይ መኪናዋ ትገለበጣለች። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ክብደቱም ያግዛል። ከመጀመሪያውኑ ከፍ ተደርጋ የተሠራች ቮልስ ይህን ጉዞ ግማሽ መንገድ ሄዳ ነው የምትጀምረው። ከኩታበር ደሴ፣ ከደሴም በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ጥምዝ ምን እንደሆነ ከእኔ መስማት አያስፈልገውም።

ይህ የእኔ የተማሪ ፍርሃት ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ጠበቃ ራልፍ ኔደር እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው ስለ መኪና አደጋ በሚያወራ መጽሐፉ የመጀመሪያውን ምዕራፍ የሰጠው ለሼቭሮሌ ኮርቬር ነበር፤ የዚያችም ዋና ክስ ይኸው እንደ ክንፍ የሚታጠፍ የኋላ አክስል ነው። አምራቹ ለ1964 ሞዴል ተጨማሪ ባሌስትራ አስገባበት፤ ለ1965 ደግሞ አሠራሩን ጨርሶ ለወጠው። ቮልስዋገንም ቢሆን በ1967 ሞዴሉ የኋላ ጎማዎቹን አራርቆ ተጨማሪ ማመጣጠኛ ዘንግ ጨመረ። የፋብሪካው መሐንዲሶች ራሳቸው ወደ ዝቅታና ወደ መረጋጋት ሲሄዱ እኛ በጥርስ ወደ ላይ እንወጣለን።

የ1960ዎቹ መጀመሪያ ቮልስ ክንድ፣ ሸክም ሳይኖርበት ተንጠልጥሎ ሲለካ፣ ከመኪናዋ ወለል ጋር ሊኖረው የሚገባው ማዕዘን 17 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ነው። ቁጥሩ እንደ ሥሪት ዓመቱና እንደ መኪናው ዓይነት ስለሚለያይ በሻንሲ ቁጥር ማረጋገጥ ግድ ነው። የሚለካውም በዲግሪ መለኪያና በውሃ ልክ ነው። እኛ የዲግሪ መለኪያውን ከኮሌጅ ይዘን ሄደን ነበር፤ ውሃ ልኩን ከጎረቤት ግንበኛ ተዋስን። መካኒኩ ሳቀብን። «ቤት ልትገነቡባት ነው?» አለን። ቢሆንም ፈቀደልን፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። የግራውን ክንድ ጠዋት ለካሁ፤ በትክክል 17 ከ30 አገባሁት። ከሰዓት በፊት አንድ አይሱዙ መጣና ከቮልሷ ፊት ሥር ያሉት ሁለት የብረት ድጋፎች ተፈለጉ። ድጋፎቹ ተነሱ፤ በምትካቸው እንጨት ገባ። እንጨቱ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ይል ኖሯል። ከምሳ በኋላ የቀኙን ክንድ ለካሁ፤ እሱንም በትክክል 17 ከ30 አገባሁት። ጓደኛዬ «ወለሉን መልሰህ ለካኸው ወይ?» ሲለኝ «ጠዋት ለክቼዋለሁ» አልኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

ሁሉም ነገር ታስሮ፣ ጎማ ገብቶ፣ መኪናዋ በእግሯ ስትቆም መካኒኩ አሥር እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ሄደና ቁልቁል አጎንብሶ አየ። «ግራ እግሯን ታነክሳለች» አለ። እኔ ተቆጣሁ፤ በዲግሪ የለካሁትን በዓይኑ ሊያፈርስብኝ! ሜትር አምጥተን ከመሬት እስከ መከላከያው ስንለካ ግራው ከቀኙ 9 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ተገኘ። ዓይኑ ልክ ነበር። የእኔ መለኪያም አልዋሸም፤ የዋሸው መነሻው ነው። የፊቱ ድጋፍ ዝቅ ሲል የመኪናዋ ወለል በአፍንጫዋ አዘነበለ፤ እኔ ክንዱን የለካሁት ከምድር አንጻር እንጂ ከወለሉ አንጻር አልነበረም። መጽሐፉ ደግሞ መጀመሪያ ወለሉን ለኩ፣ የተገኘውን ዝንባሌ ከክንዱ ላይ ቀንሱ ወይም ደምሩ ይላል። አንብቤዋለሁ፤ አላደረግሁትም።

ከዚህ ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛው፣ ዓይን የማይናቅ ዳኛ መሆኑን ነው። ሃያ ዓመት መኪና ያየ ሰው ዓይን 9 ሚሊ ሜትር ይይዛል፤ ይህን ችሎታ ኮሌጅ አይሰጥም። ሁለተኛው ግን፣ ዓይኑ «ታነክሳለች» አለ እንጂ ለምን እንደምታነክስ፣ በየትኛው በኩል በስንት መመለስ እንዳለበት መናገር አልቻለም። የመካኒኩ ሐሳብ የግራውን አንድ ጥርስ ከፍ ማድረግ ነበር። ያን ብናደርግ ግራው ከቀኙ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር በልጦ ይቆም ነበር። ዓይን ሕመሙን ያያል፤ መድኃኒቱን የሚመጥነው ግን መለኪያ ነው። በቅሎ የሚጭን ባላገር ጭነቱ ሲያዘነብል በዓይኑ አይቶ ያውቃል፤ ሲያስተካክል ግን ከአንዱ ጆንያ ወደ ሌላው በመጠን ይገለብጣል እንጂ በአንደኛው ወገን ሌላ ኩንታል አይጨምርም።

መቼም የሚቃወመኝ ሰው የሚያነሳቸው ነጥቦች አሉ፤ ልሸሻቸው አልፈልግም።

የመጀመሪያው «የጀርመን ልክ ለጀርመን አስፋልት ነው፤ የእኛ መንገድ ሌላ ነው» የሚል ነው። እውነትነት አለው። ከደሴ በአቀስታ በኩል እስከ መካነ ሰላም የሄደ ሰው መንገድ ሲባል አንድ ነገር ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። ነገር ግን ልኩን መቀየርና ልኩን አለማወቅ አንድ አይደሉም። መጀመሪያ 17 ከ30ን አግኝተህ፣ ከዚያ አውቀህ በሁለቱም ወገን እኩል 50 ደቂቃ ብትጨምር ምን እንዳደረግህ ታውቃለህ፤ ካልተስማማህም ትመልሰዋለህ። ሳይለካ የተነሳ መኪና ግን መመለሻ የለውም።

ሁለተኛው «አሮጌ ዘንግ ደክሟል፣ ስለዚህ ከፍ ማድረግ ያስፈልገዋል» የሚል ነው። አንዳንዴ ልክ ነው። ይሁንና ብዙ ጊዜ የደከመው ዘንጉ ሳይሆን ክንዱን የያዙት ጎሚኒዎች ናቸው። ላስቲኩ ሲበላ ክንዱ ይወርዳል፤ ሰው ዘንጉን ይከሳል። ስለዚህ ጎሚኒው ሳይቀየር ማዕዘን መለካት የተበላ ሸማ ይዞ ልብስ እንደመስፋት ነው። ጎሚኒውም ሲገባ ቅባት አይቀባም፤ ዱቄት ታልክ ይነሰነስበታል እንጂ፤ ቅባት ላስቲክ ይበላል። ዘንጉ ሲወጣም ቀለሙ እንዳይጫር መጠንቀቅ ነው፤ በተጫረው ቦታ ዝገት ይገባል፣ ከዝገቱ ስንጥቅ ይጀምራል። ግራና ቀኙም አይቀያየሩም። ሲሠሩ እያንዳንዱ በሚሠራበት አቅጣጫ አስቀድሞ ስለተጠመዘዘ ምልክት አላቸው።

ሦስተኛው የባሌስትራ ነገር ነው። «አይሱዙ ላይ ባሌስትራ ጨምረን ስንት ዓመት ነድተናል» ይላሉ። እህልና ሲሚንቶ ለሚጭን መኪና ባሌስትራ የሚጨምር ሰው ቢያንስ ምክንያት አለው። ባዶዋን ለምትሄድ የቤት መኪና መጨመር ግን ጎማውን ከመሬት ያዘልለዋል፤ የዘለለ ጎማ ደግሞ ፍሬን አይይዝም። ሌላም በየቦታው የማየው ክፉ ልማድ አለ። የወረደን ወይም የተነሳን ባሌስትራ በኦክስጅን እሳት አግሎ ማጠፍ። ቀጥቃጮቻችን ከአሮጌ ባሌስትራ ማረሻ፣ ማጭድና ቢላዋ የሚሠሩት ብረቱ ጠንካራና ሞላ ስለሆነ ነው፤ እነሱም ካጋሉት በኋላ ውሃ ውስጥ ነክረው ያጠነክሩታል። መኪና ሥር ተጋድሞ የሚያግለው መካኒክ ግን ብረቱን ገድሎት ይነሳል። ያ ባሌስትራ ወይ እንደ ሊጥ ይወርዳል፣ ወይ ሳይታሰብ ይሰበራል። ቀጥቃጩ ለማረሻ ያደረገውን ጥንቃቄ እኛ ለሰው ነፍስ ልንነፍግ አይገባም።

እዚህ ላይ «ለአንዲት አሮጌ ቮልስ ይህን ያህል?» የሚል ሊኖር ይችላል። ቮልስ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ምርቷ ቆሟል፤ ያለችው ያለችው ናት። በእኛም አገር ነገሩ የናፍቆት ብቻ አይደለም። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በቆዩ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ይህ ማለት አሁን በእጃችን ያሉት የነዳጅ መኪናዎች፣ ቮልሷም፣ ላዳዋም፣ ቶዮታዋም፣ ገና ብዙ ዓመት ይታደሳሉ ማለት ነው። የሚያድሳቸውም እኛ የዚህ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ነን። ማደስ ሲባል ደግሞ ቀለም መቀባት ብቻ አይደለም፤ መኪናው ሲሠራ ወደነበረበት ልክ መመለስ ነው። ልኩን የማያውቅ ሰው አሳምሮ ያጌጠ አደጋ ነው የሚያስረክበው።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የሞላና የባሌስትራ ትምህርት በሥዕል ብቻ እንዳይቀር፤ እያንዳንዱ ተማሪ ቢያንስ አንድ ጊዜ በዲግሪ መለኪያና በውሃ ልክ የኋላ ሞላ ለክቶ፣ የለካውን ጽፎ እንዲፈርም ይደረግ። መሣሪያው ውድ አይደለም። ግንበኛው ሁሉ ይይዘዋል።

ሁለተኛ፣ ለልምምድ ስንወጣ ለሚመጣልን አሮጌ መኪና ሁሉ አንድ ገጽ ይኑረው። ከመፈታቱ በፊት በአራቱም ጎማ በኩል ከመሬት ያለው ከፍታ፣ የክንዱ ማዕዘን፣ ክንዱ ከአክስሉ ጋር የታሰረበት ቦታ በመሮ ተመትቶ ምልክት መደረጉ፤ ሁሉም ይጻፍ። ያ ምልክት ከጠፋ የኋላ ጎማዎቹ አቅጣጫ አብሮ ይጠፋል።

ሦስተኛ፣ ደኅንነት። የቮልስ ክንድ በውጥረት ላይ የተቀመጠ ነው፤ ክሪክና ሰንሰለት ሳይደረግበት ከማረፊያው ላይ የሚያላቅቀው ሰው እግሩን ወይም ጣቱን ሊያጣ ይችላል። «አብሽር» እዚህ ላይ አይሠራም። በዚህ ጉዳይ ላይ መምህራኖቻችን ማስጠንቀቂያ ብቻ ሳይሆን አሠራሩን በዓይናችን እንድናይ ቢያደርጉን መልካም ነው።

እነዚህን ሦስት ነገሮች ለማድረግ በጀት አያስፈልግም፤ ትዕግሥት እንጂ። የመካኒኮቻችንንም ክብር አይነካም። እንዲያውም ያ ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ዓይን ያየውን በቁጥር የሚጽፍ ተማሪ ከጎኑ ቢኖር ዕውቀቱ ከእሱ ጋር አይቀበርም ነበር።

የመምህሩ ቮልስ ምን ሆነች? ቀኙን ፈታን፤ ወለሉን ለካን፤ ክንዱን ለካን፤ በግራውም በቀኙም እኩል 50 ደቂቃ ጨምረን አሰርን። «ትንሽ» ስላሉ ትንሽ ሰጠናቸው፤ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ። መካኒኩ እንደገና አሥር እርምጃ ሄዶ አጎነበሰና «አሁን በሁለት እግሯ ቆማለች» አለ። ከዚያ ወዲህ ውሃ ልኩን ግንበኛው መልሶ እስኪጠይቀን ድረስ እሱው ሲጠቀምበት አይቻለሁ።

መምህሩ ግን ፊታቸው አልፈታም። «ድንጋዩስ?» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ ድንጋዩ 6 ሚሊ ሜትር የሚፈራ ድንጋይ አልነበረም። በማግሥቱ እሑድ እኔና ጓደኛዬ ዲጂኖና ዶማ ይዘን ቤታቸው ሄድን። መግቢያው ላይ ያሉት ሦስት ድንጋዮች ናቸው። ሁለቱን በግማሽ ሰዓት ነቅለን ወደ አጥሩ አንከባለልናቸው። ሦስተኛው ሥር የሰደደ ስለነበር ጎረቤት ተጠርቶ ለአራት ገፋነው። ቡና ተፈልቶ ጠጣን። ቮልሷም ሆዷን ሳትነካ ገባች።

ድንጋዩ ለስንት ዓመት እዚያው ተቀምጦ፣ ስንት ሰው መኪናዋን ከፍ አድርጉ እንዳለ አስባችሁታል? እኔ እስካሁን አስበዋለሁ። ለአስተያየታችሁና ለተቃውሟችሁ ዝግጁ ነኝ። ቸር ይግጠመን!